ንጣፉ ያልተማረው ለቅሶ

ደሴ ውስጥ ሰው ሰውን ሲስም «ሳምኩሽ» ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር ከጀመረ ቆይቷል። ጉንጭ ለጉንጭ ቢነካካም ግማሹ ሰው አይሰማውም። ስለዚህ ሳሚው «ሳምኩሽ» ይላል፣ ተሳሚዋ «ተሳምኩ» ትላለች፣ ሁለቱም ወደየጉዳያቸው ይሄዳሉ። ሾርባ የሚጠጣ ሰው መጀመሪያ ጣቱን ይነክራል፤ ከንፈሩ ሙቁን ከቀዝቃዛው አይለይማ። ከምግብ በኋላ መስታወት ሳያይ ከቤት የሚወጣ የለም። እናቶች ጠዋት ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ከመስደዳቸው በፊት ከንፈራቸውን ገልበጥ አድርገው ያያሉ፣ በእንቅልፋቸው አኝከውት እንደሆነ ለማወቅ። ይኼ ሁሉ ተለምዷል። ሰው ምን የማይለምደው አለ።

ነገሩ የጀመረው በእውነተኛ በሽተኞች ነው። ፊታቸው ላይ መብረቅ የሚወርድባቸው ሰዎች ነበሩ። ከጆሮ ጀርባ፣ ከጥልቁ፣ አንድ የደም ሥር የፊት ነርቭ ላይ ይጋደምና እየመታ እየመታ ያሳብደዋል። ከዚያ ወዲያ ነፋስ ጉንጭን ሽው ቢለው መብረቅ ነው፤ ቢያኝኩ መብረቅ፤ ቢናገሩም መብረቅ። ድሮ ሐኪሞች ቆፍረው ይገቡና በደም ሥሩና በነርቩ መካከል ቁራጭ ጨርቅ መሳይ ነገር ይሰኩ ነበር። ሙት ነገር ነበር፤ ሙት ነገር ደግሞ ቢያንስ በሰው ጉዳይ አይገባም። በኋላ ሕይወት ያለው ንጣፍ መጣ። ሥጋ አይሉት ጨርቅ፤ እዚያው ጭንቅላት ውስጥ ይበላል፣ ያድጋል፣ ይማራል። መብረቁ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ያውቅና ፊትን ያስተኛል። በሽተኞቹ ዳኑ። ከዚያ ጥርሱን ያመመው ሁሉ «ለኔም» አለ። ቀጥሎ ራሱን የሚያመው መጣ። ቀጥሎ ምንም የማያመው መጣ። ሕመም ይጠፋል ከተባለ ማን ቁጭ ብሎ ይታመማል?

ፌቨን ከእውነተኞቹ ነበረች። ስሟ እንደ ዕድሜዋ የአሮጊት ስም ነው። በሷ ዘመን የተወለደው ሁሉ ፌቨን ነው፣ ሶሊያና ነው፣ ናሆም ነው፤ የዛሬ ወጣት ሲሰማው ይስቃል። ፊደል አልቆጠረችም፤ የቆጠሩት ግን ሬሳ ሲወጣባቸው እሷን ነበር የሚጠሩት። አልቃሽ ነበረች። ሟችን ስታወድስ አትዋሽም። ያስፈራትም ያስከበራትም እሱ ነው። አንድ ቆንቋና ነጋዴ ሞቶ፣ ግቢው ሰው በሰው ሆኖ፣ እሷ ተነሥታ፣

«ደጅህ ሰፊ ነበር ግቢህም የፀዳ፣
ዛሬ ገና ሞላ በማይበላ እንግዳ»

ብላ አልቅሳ አስለቅሳ፣ አንዳንዱንም ሳቁን በነጠላ አሳፍና ሸኝታዋለች። ቤተ ዘመዱ አኮረፈ። እናታቸው ስትሞት መልሰው ጠሯት።

ከዚያ መብረቁ ያዛት። ክረምቱን ሙሉ ፊቷን ሳትታጠብ፣ ምግቧን በቀሰም እየመጠጠች፣ አንድ ቃል ሳትናገር ከረመች። ልጇ ጥሩወርቅ አዝላ ማለት ይቀላል፣ ደግፋ ሆስፒታል ወሰደቻት። ንጣፉ ገባላት፤ መብረቁ ቆመ፤ እህል በላች። አንዲት ጎረቤት ስትሞት ነው ጉዷ የታየው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከመሐል ቆመች፣ ድምፅዋን ከሆዷ ሳበች፣ ያኔ ግራ ጉንጯ ተኛ። ከንፈሯ ተከተለ። መንጋጋዋ ተንጠለጠለ፤ ምላሷ የሌላ ሰው ምላስ ሆኖ አፏ ውስጥ ተጋደመ። ንጣፉ ለቅሶውን መብረቅ መስሎት ነበር። ሰው «እፎይ በይ እናታችን፣ ደክሞሻል» ብሎ አስቀመጣት፣ ከዚያ ቀን ወዲህም ከተቀመጠችበት አላስነሣትም።

ጥሩወርቅ ወደ ጦሳ ተራራ የሚወጣውን የገመድ መኪና ትነዳ ነበር። እሷ የድሮ ስም ማውጣት ፋሽን በሆነበት ጊዜ የተወለደች ናት። ተራራው ላይ ያለው ብርድ ጥርስ ይነቅላል፤ ነጂዎቹ ሁሉ ንጣፍ አስገብተዋል። እሷ አልፈልግም ብላ ነበር። እጇን ይዛ የወሰደቻት ፌቨን ናት። «እኔ ያየሁትን አታዪም» አለቻት።

አላየችም። አንዱ መንጋጋ ጥርሷ ከሥሩ በስብሶ፣ መግል ቋጥሮ፣ መግሉ ወደ ላይ መንገድ ሲያበጅ ምንም አልተሰማትም። አንድ ቀን ከሥራ መጥታ «እማዬ፣ ደከመኝ» ብላ ጋደም አለች። ትኩሳቷ እሳት ነው። በማግስቱ ሞተች። ሐኪሙ «ጥርሷ ነው» አለ። እንዲህ ያለው ሞት አዲስ ስላልሆነ ከዚህ በላይ የጠየቀው ሰው የለም።

ለቀስተኛው መግባት ሲጀምር የእድሩ ዳኛ ናሆም በርጩማ ስቦ ፌቨን ፊት ተቀመጠ። ደግ ሰው ነው። ደግነቱ ግን እንደ እድሩ ድንኳን ነው፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት።

«ፌቭዬ፣ እግዜር ያጥናሽ።»

«አሜን።»

«የነገውን ቀብር እንነጋገር ብዬ ነው። ለቅሶውን… ያው፣ ማንም እንዳይቸገር፣ በድምፅ ማጉያ እናደርገዋለን።»

«የማንን ለቅሶ?»

ናሆም ጉሮሮውን ጠረገ። «ያንቺን ነዋ። ከመታመምሽ በፊት የቀዳነውን። ለሁሉም የምናሰማው እሱን አይደል? ስሙን ብቻ ነው የምንቀይረው።»

እውነቱን ነው። ንጣፍ ከበዛ ወዲህ ድንኳን ውስጥ የሚያለቅስ ጠፍቷል። ዝም ያለ ቀብር ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ እድሮች ሁሉ የፌቨንን የድሮ ድምፅ ተቀባበሉት። ሰው ቤት ለቅሶ ልትደርስ ሄዳ፣ ጥግ ተቀምጣ፣ ስለማታውቀው ሰውዬ አንጀቷ ሲቆረጥ በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች።

«ለዚያ ለቆንቋናው ያለቀስኩትን ነው ለልጄ የምታሰማላት?»

«ኧረ እሱን አይደለም! የተሻለ አለ። ለመምህሯ ያልሽው… ወይም ለዚያ በጎርፍ ለሄደው ልጅ፣ እሱ ረዘም ይላል…»

«ናሆም!» አለች ሶሊያና ከጀርባ። ጎረቤት ናት፤ ከፌቨን ጋር እየተጣሉ እየታረቁ ያረጁ ናቸው። «ቲማቲም እየመረጥክ ነው እንዴ?»

«ለሷው ብዬ እኮ ነው!»

«ልጄን እኔ ራሴ አልቅሼ ነው የምቀብረው» አለች ፌቨን።

 ናሆም ጫማውን አየ። ማንም ያልደፈረውን ሶሊያና ተናገረችው፤ ለክፋት አልነበረም።

«በምን አፍሽ፣ እህቴ?»

ፌቨን ነጠላዋን አነሣችና ወጣች። ለቀስተኛ ቤት ሞልቶ ባለ ሐዘን ተነሥታ ስትሄድ ታይቶ አይታወቅም፤ ሶሊያና እየተራገመች ተከተለቻት።

ሆስፒታል ደረሱ። ዶክተር ጎበዜ ንጣፉን ያስገባላት ሐኪም ነው። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሲያዝንም በልክ ነው።

«አይወጣም፣ እማማ ፌቨን። ከደም ሥሩ ጋር ተጋብቷል።»

«አፋታቸው።»

«ቢፋቱ የሚሞቱት እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው አስተምረው። ይኼ ለቅሶ ነው፣ መብረቅ አይደለም በለው።»

«ረግቷል እኮ። ከረጋ ወዲህ አይማርም።» ከዚያ፣ «በጊዜው ለምኜዎት ነበር» አለ።

ለምኗት ነበር። ንጣፍ እንደገባ ለጥቂት ቀን ለጋ ነው፤ በዚያ ጊዜ በሽተኛው በኑሮው የሚያደርገውን ሁሉ እዚያው አልጋው ላይ ያደርጋል፣ ንጣፉም ይኼ ደህና ነው፣ ይኼ ደህና ነው እያለ ይለምደዋል። ፌቨን ቆሎ ቆረጠመች። በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች። ሳቀች። አስነጠሰች። «የሚሳደቡም ከሆነ ይሳደቡ» ሲሏት የሰፈሩን ሰው በየተራ ስሙን ጠርታ፣ ነርሷ ፊቷን አዙራ እስክትወጣ ድረስ ሰደበችው። እስከ ዛሬ ስድብ አያግዳትም። መጨረሻ ላይ ዶክተሩ፣

«አልቃሽ ነዎት አሉ። እስቲ ያልቅሱ» አላት።

«ማን ሞቶ?»

«እንዲያው በማስመሰል።»

ጥሩወርቅ ከእግርጌዋ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጥ ነበር። ፌቨን ልጇን አየች፣ ሐኪሙን አየች። «ያለኝ ይቺ ናት። አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ በማን ላይ ላሟርት?»

«እማዬ፣ ትንሽ ብቻ በይ» አለች ጥሩወርቅ እየሳቀች። «እኔ ምንም አልሆንም። ሙያሽ እኮ ነው።»

«ዝም በይ! አፍሽን ያዥ!»

ያለ ሬሳ ሙሾ ማውጣት ሞትን ደጅ ወጥቶ መጥራት ነው። ይኼን ያላለቀሰ ሰውም ያውቀዋል። ለዶክተሩ ግን ተማሪ ቤት አልነገሩትም፤ ሁለት ሦስቴ ለመናት፣ እንቢ አለች፣ ንጣፉ ለቅሶን ሳያውቅ ረጋ።

አሁን ያ ሁሉ በፊቷ እያለፈ ፌቨን ሐኪሙን ትክ ብላ ታየዋለች። እሱንም አላስቻለውም።

«ንጣፉን ማስተኛት ይቻላል» አለ። «ለጥቂት ሰዓት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ቢተኛ ይሞታል፣ የሚሞተውም የደም ሥሩን ይዞ ነው፣ ያ ደግሞ የእርስዎ ሞት ነው። ግን እሱ ሲተኛ መብረቁ ይነቃል። ስንት ዓመት የታፈነ መብረቅ እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ። የቆየ ጎረቤቴ ነው።»

«እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል፣ እማማ።»

«አንተ ልጅ» አለች፣ «እኔ የሰው ልጅ ሞቶበት የሚጮኸውን ጩኸት ሁሉ ጮኼ አውቃለሁ። አንድ ጉንጭ ሊያሸንፈኝ ነው? አምጣው።»

ሶሊያና በር ላይ ሆና «ትዕቢቷ ከሷ በፊት ነው የተወለደው» አለች። ሆኖም አልከለከለቻትም። የጥሩወርቅ ክርስትና እናት እሷ ነበረች፤ እሷም የራሷ ንጣፍ ስላለባት ማልቀስ አልቻለችም፣ አንድ ሰው እንዲያለቅስላት ፈልጋለች።

በማግስቱ ዶክተር ጎበዜ ከፌቨን ጆሮ ጀርባ ንጣፉን የሚያስተኛ አዝራር የሚያህል ነገር ለጠፈላት። «ሲያነሡት ንጣፉ ይነቃል» አላት። አስከሬኑ ወጣ።

የመቃብሩ ቦታ ከጦሳ ሥር ዳገት ላይ ነው። ሕዝቡ ብዙ ነበር፣ የገመድ መኪና ነጂዎች ከነዩኒፎርማቸው መጥተዋል። ሁሉም እጁን ሆዱ ላይ አጣምሮ፣ ፊቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አዝነዋል፤ ማዘናቸውን የሚያሳዩበት ፊት ነው የተኛባቸው። ናሆም ድምፅ ማጉያውን ይዞ መጥቶ ነበር፣ ለክፉም ለደጉም ብሎ። ሶሊያና በዓይኗ ገላመጠችው፣ ከኋላው ደበቀው።

ፌቨን ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። መጀመሪያ ነፋሱን አወቀችው። ከዚያ አንድ የሞቀ ነገር ጉንጯ ላይ ወረደ፤ ዕንባ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት። ዕንባ ሙቅ መሆኑን ረስታው ኖራለች። ሳጥኑን አየች። ሌት ተቀን ያሰበችው ሙሾ በሆዷ ተሰልፏል፤ ለማንም ያላለችው ነው፣ ለዚች ብቻ። ድምፅዋን ከሥር ሳበች፣ «ልጄ» ብላ ልትጀምር አፏን ከፈተች።

መብረቁ ወረደ።

በአንድ ጊዜ ጥርሷ ድረስ፣ ዓይኗ ድረስ፣ የራስ ቅሏ ስፌት ድረስ ገባ። ድሮ የምታውቀው መጥቶ ይሄድ ነበር፤ ይኼኛው መጥቶ ተቀመጠ። ጮኸች። ያ ጩኸት ዳገቱን ወጥቶ ተራራው መልሶ ወረወረው። የገመድ መኪና ነጂዎቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ወገቧ ተቆረጠ፣ ሁለት ሴቶች ደገፏት፣ ደግማ ጮኸች። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ከልጅነታቸው ወዲህ አልሰሙም። ንጣፍ ያለባቸው ወጣቶች አንዱ የሌላውን እጅ ያዘ፤ እናት ለልጇ የምታለቅሰው እንዲህ ነው ማለት ነው፣ አሉ በልባቸው።

እንዲህ አልነበረም። በዚያች ሰዓት ፌቨን ውስጥ ጥሩወርቅ የምትባል ልጅ አልነበረችም። ጉንጭ ነበረ። ድድ ነበረ። ከዓይኗ ሥር የሚነድ ክር ነበረ። ሙሾዋን ፈለገች፣ ጠፋ። የልጇን ፊት ፈለገች፣ ጠፋ። ስሟን፣ ራሷ ያወጣችላትን ስም፣ እንደ ሰከረ ሰው በጨለማ ውስጥ ዳበሰችው፤ አላገኘችውም። ሳጥኑ በገመድ ሲወርድ አየችና «ቶሎ በሉ» ብላ ተመኘች። ቶሎ አፈር ያልብሷት፣ ቶሎ ይለቅ። ገና ግማሹ አፈር ሳይመለስ እጇን ወደ ጆሮዋ ጀርባ ሰደደች፤ ጣቷ ስቶ ጉንጯን ቧጨረችው፣ ደም ወጣ፣ ከዚያ አገኘችውና መነጨቀችው።

«ፊቷን ነጨች!» አለች አንዲት ባልቴት። «እንደ ድሮው! እንደ እናቶቻችን!»

ወዲያው ፊቷ ተኛ። ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። የቀረው የአካፋ ድምፅ ብቻ ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ቀረበ። ሰው እየዘገነ ስለ ለቅሶው ያወራል። ናሆም መጥቶ ትከሻዋን ያዘ። «ፌቭዬ፣ አኮራሽን። ሰውን አሁን ሰው መሆኑን አስታወስሽው» አላት። የገመድ መኪና ነጂዎቹ አለቃ ተንበርክኮ ጉልበቷን ሳመ። ከሩቅ ሰፈር የመጡ ሴቶች ተራ ገብተው አዩዋት።

ሰው ጋብ ሲል ሶሊያና አጠገቧ ተጠጋች። «በቃሽ አሁን። አልቅሰሽላታል። በሰማይም በምድርም የሚወቅስሽ የለም።»

«አላለቀስኩላትም።»

«ምን?»

«ስሟ ጠፋኝ፣ ሶሊ። ሬሳዋ ፊቴ ቆሞ ስሟ ጠፋኝ። ለጉንጬ ነው የጮኽኩት። ቶሎ በቀበሯት አልኩ።»

ሶሊያና ከሰሐኑ ንፍሮ ዘግና እጇ ላይ አደረገችላት፤ ሌላ ምን ታድርግ። ፌቨን ንፍሮውን ይዛ ተቀመጠች። ያኔ ነው፣ መብረቁ ከሄደ፣ ሁሉም ከረጋ በኋላ፣ ጥሩወርቅ የመጣችው። ከነሳቋ፣ ከነብርቱካኗ፣ «እኔ ምንም አልሆንም» ካለችበት አፏ ጋር መጣች። የጠፋው ሙሾም ከነቤቱ ተመለሰ፣

ሕመም ዘበኛ ነው በሩን የሚጠብቅ፣
እኔው አስተኛሁብሽ ልጄ ጥሩወርቅ።

ከኋላው ሌላ ቤት ነበር፣ ከዚያም ኋላ ሌላ። በዕድሜዋ እንዲህ የሰመረላት ግጥም የለም። ድምፅዋን ከሆዷ ሳበች። አፏን ከፈተች።

ንጣፉ አወቀባት። ጉንጯ ተኛ፣ ከንፈሯ ተከተለ፣ ምላሷ ተጋደመ። ከጉሮሮዋ የወጣው ነፋስ ብቻ ነበር፤ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰውዬ ያዛጋች መስሎት ፊቱን መለስ አደረገላት፣ ለክብሯ ብሎ።

ሠልስቱ መጣ። አርባው መጣ። ሙት ዓመቱ መጣ። ፌቨን ለልጇ አላለቀሰችም።